የምትወዱትን ዘፈን ለጥሪ አትስጡ

ስልካቸው ሲጠራ የሚወዱት ዘፈን እንዲሰማ የሚፈልጉ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁልኝ፤ ዘፈኑን ሊያጡት ነው። ለጥሪ የዋለ ዘፈን በወሩ ዘፈንነቱ ይቀርና ደወል ይሆናል። ሰርግ ቤት ሲከፈት እጅ ወደ ኪስ ይሮጣል። ታክሲ ውስጥ ሲለቀቅ ልብ «ደግሞ ማነው?» ይላል። አለቃው ቅዳሜ ማለዳ የደወለበትን ዘፈን እሁድ ከሰዓት ጋደም ብሎ ማጣጣም የሚችል ካለ፣ እሱ የተባረከ ሰው ነው።

እንዲህ ስል ስልኩ ከፋብሪካ ይዞት በመጣው ድምፅ ኑሩ ማለቴ አይደለም። ካፌ ውስጥ አንድ አይፎን ሲጠራ ከየጠረጴዛው ስንት ሰው ስልኩን እንደሚያይ ታውቁታላችሁ። የራስን ጥሪ ራስ መሥራት ደስ ይላል፤ ወጪም የለውም። ሙያው ያለው ግን አቆራረጡ ላይ ነው።

ይህን ሙያ ጠንቅቀው የሚያውቁት ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ልጆች ነበሩ። ኢንተርኔት እንዲህ በየኪሱ ሳይገባ፣ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ልጅ ሚሞሪውን ተቀብሎ ካርድ ማንበቢያው ላይ ይሰካና «ለጥሪ ነው ለመስማት?» ብሎ ይጠይቃል። ለጥሪ ከሆነ ዘፈኑን ከመጀመሪያው አያጫውተውም። የድምፁን ሞገድ ስክሪኑ ላይ ይዘረጋና ቀጭን ቀጭኑን እያለፈ ወፍራሙ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ አዝማቹ እዚያ ነው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ሠላሳ ሰከንድ፣ አለቀ። ልጁ የሀገራችን ዘፈን መግቢያው ረጅም መሆኑን ያውቃል። ኪቦርዱ ተንቆርቁሮ፣ ሳክስፎኑ ተከትሎ፣ ዘፋኙ ጉሮሮውን እስኪጠርግ ደዋዩ ሰልችቶት ይዘጋል። ሚስ ኮል ለሚያደርግ ወዳጅማ ይህም ብዙ ነው፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ያልጮኸ ስልክ እንዳልጠራ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ስፒከሩ ነው። የስልክ ስፒከር ጣት የማታህል ነገር ስለሆነች ወፍራም ድምፅ ከአቅሟ በላይ ነው። በትልቅ ስፒከር ደረት የሚመታው ቤዝ ጊታርና ከበሮ ስልክ ላይ ሲደርስ ይጠፋል ወይም ይንኮሻኮሻል። ዋሽንት፣ ማሲንቆ፣ የክራር ቀጭን ክር፣ የሴት ድምፅ ግን ጥርት ብለው ይወጣሉ። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ እልልታን የሚያህል ጥሪ የለም፤ ቀጭን ነው፣ መግቢያ የለውም፣ የገበያ ጫጫታ ሰንጥቆ ይወጣል። ይህን የተረዳ አንድ ባልደረባዬ ከእህቱ ሰርግ ቪዲዮ ላይ እልልታ ቆርጦ ጫነ። ብዙም ሳይቆይ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ ንፍሮ እየዞረ፣ ኪሱ እልል አለ። ስልኩን ከካፖርቱ፣ ከጃኬቱና ከሸሚዙ ኪስ ሲፈልግ የነበረውን መልኩን ለእናንተ ልተወው።

መዝሙርና መንዙማ የሚጭኑም አሉ። እኔ አልወደውም፤ የፈጣሪ ስም ሳያልቅ መሃል ላይ «ሃሎ» ተብሎ ይቆረጣል፣ ያውም ስልኩ የት ቦታ እንደሚጠራ አይታወቅም። ደዋዩ ብቻ የሚሰማው፣ በየወሩ የሚከፈልበት የጥሪ ማሳመሪያማ ጭራሽ አይገባኝም። መርዶ ለመንገር ደውሎ የጭፈራ ዘፈን እየሰማ የጠበቀ ሰው ይፍረደኝ።

ሞባይል አዲስ አበባ በገባበት በ1991 ዓ.ም. አካባቢ የሚቆረጥ ዘፈንም አልነበረም። ስልኩ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ነበር የሚያወጣው። ያቺ ሁላችን የምናውቃት የኖኪያ ዜማ እንኳ ስፔናዊው ጊታሪስት ፍራንሲስኮ ታሬጋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰው «ግራን ቫልስ» ከተባለ ሥራ የተወሰደች ቁራጭ ናት። ኖኪያ 3310 የያዘ ሰው ግን «ኮምፖዘር» የሚለው ውስጥ ገብቶ የራሱን ዜማ በቁልፍ ይጽፍ ነበር። 1 ዶ፣ 2 ሬ፣ 3 ሚ እያለ እስከ 7 ይሄዳል፤ 8 እና 9 ኖታውን ያሳጥራሉ፣ ያስረዝማሉ። ለእኛ ሰው እንዴት እንደተመቸ ልብ በሉ፦ 4ን እና 7ን ሳትነኩ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6ን ብቻ ከተጫናችሁ ትዝታ ሜጀር እጃችሁ ላይ ነው። ኖታ ማንበብ የማይችል ተማሪ የክፍል ጓደኞቹን በዚያች አምስት ቁልፍ ሲያስደንቅ አይቻለሁ። ዛሬ ስልኩ ሙሉ ኦርኬስትራ ያጫውታል፤ እኛ ግን ዜማ መጻፉን ትተን መቁረጥ ብቻ ቀረን።

ማስተላለፉ ያን ያህል አያስቸግርም። ኮምፒውተር ላይ የተቆረጠው በኬብል፣ በብሉቱዝ ወይም ለራስ በቴሌግራም ይላካል። አንድሮይድ ከሆነ «ሪንግቶንስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ማስገባትና ከድምፅ ሴቲንግ መምረጥ ነው፤ ለአንድ ሰው ቁጥር ብቻ የተለየ ጥሪ መስጠትም ይቻላል። አይፎን ዘንድ ነገሩ ለዓመታት ጣጣ ነበር፤ በጋራዥባንድ ማሳለፍ ወይም ከኮምፒውተር ጋር መታገል ግድ ይል ነበር። አይኦኤስ 26 ከመጣ ወዲህ ግን ከሠላሳ ሰከንድ ያልበለጠ የድምፅ ፋይልን እዚያው ስልኩ ላይ ጥሪ ማድረግ ይቻላል። ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ዛሬም ሚሞሪ ካርዷ አለች።

ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙት ብዙውን ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ለእነሱ ስንቆርጥ ደግሞ ሕጉ ይገለበጣል። ጆሮ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚያመልጠው ቀጭን ድምፅ ነው። ለወጣት ጆሮ የሚጮኸው ዋሽንት ለሰባ ዓመት አዛውንት ከጎረቤት የመጣ ሊመስላቸው ይችላል። ለእነሱ መካከለኛውን ድምፅ፣ የወንድ ሰው ድምፅ ወይም ወፈር ያለ ማሲንቆ መምረጥ ይሻላል። ለአጎቴ ይህን ሁሉ አስረድቼ «ጋሼ፣ የቱን ልጫንልዎ?» ብላቸው የመረጡት ከሬዲዮ ላይ የተቀዳ የዜና መግቢያ ሙዚቃ ሆነ። አሁን ስልካቸው በጠራ ቁጥር እጃቸውን አንስተው «እስቲ ዝም በሉ፣ ዜና ነው» ብለው ቤቱን ያስደምጣሉ፤ ስልክ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ጥሪው አልቋል። ልቀይርልዎ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። «ተወው ልጄ፣ ጉዳይ ያለው ሰው እንደሆነ መልሶ ይደውላል።»