«ስንት ልጅ አላችሁ?»

ቅዳሜና እሑድ የት እንደምንጠፋ ለምትጠይቁኝ ሁሉ መልሱ አጭር ነው፤ ቤት እያየን ነው። የኪራይ ውላችን ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል፣ ቤቱን ደግሞ የአከራያችን ልጅ ትዳር ይዞ ሊገባበት ነው። እኚህ ሴት ስድስት ዓመት እንደ ልጆቻቸው ያኖሩን፣ ለፋሲካ ድፎ ዳቦ የሚልኩልን ሰው ስለሆኑ ቅሬታ የለንም። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ልጅና አንዲት አረጋዊት እናት ይዞ ቤት መፈለግ ምን እንደሚመስል፣ ያየሁትን ሳልቀባባ ላጫውታችሁ። እስካሁን 23 ቤት አይተናል፤ ከሰሚት እስከ ላፍቶ፣ ከገርጂ እስከ ጀሞ።

መጀመሪያ የምትለምዱት ቋንቋውን ነው። የቤት ማስታወቂያ የራሱ አማርኛ አለው። «ትንሽ ገባ ይላል» ካሏችሁ ከአስፋልቱ ሩብ ሰዓት በእግር ማለት ነው፤ ክረምት ከሆነ ቦት ጫማ ያዙ። «ፀጥ ያለ ሰፈር ነው» ማለት ታክሲ አይገባም ማለት ነው። «የውኃ ችግር የለም» ሲባል ጣሪያው ላይ ሮቶ አለ ማለት ነው፤ ሮቶው ውስጥ ውኃ አለ ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። «ፊኒሺንጉ ትንሽ ቀርቶታል» ከተባላችሁ ልጆቹን እጃቸውን ያዙ፤ ደረጃው ገና መደገፊያ አልተሠራለትም። «ባለቤቶቹ ውጭ ናቸው» ከተባለ ደግሞ ኮርኒሱ ሲያፈስ የምትደውሉለት ሰው የለም።

ደላላን ማማት ቀላል ነው፤ እኔም ከናንተ ጋር ስንት ጊዜ አምቻለሁ። ገርጂ አካባቢ ያዞረን ወጣት ግን በፀሐይ ስድስት ቤት አሳይቶን፣ አንዱም ሳይሆን ሲቀር የታክሲ እንኳ አልጠየቀንም። ውኃ ገዝተን ስንሰጠው፣ «እትዬ፣ እኔም እኮ ተከራይ ነኝ» አለኝ። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት የሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው የሚኖረው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሳሎን ሲያስጎበኝ ውሎ ማታ ተራ ጠብቆ ይተኛል።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። ላፍቶ ያየነው ቤት ሁላችንም የወደድነው ነበር። ሦስት መኝታ፣ ትንሽ ግቢ፣ ጥግ ላይ የኮክ ዛፍ። ባለቤቴ ዋጋውን መነጋገር ሲጀምር የቤቱ እመቤት እኔን ዞር ብለው አዩና «ስንት ልጅ አላችሁ?» አሉኝ። ሁለት አልኳቸው። «ስንት ስንት ዓመታቸው ነው?» ስምንትና አምስት። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ልጅ ያለው አንፈልግም። ግድግዳ ያበላሻሉ፣ ውኃው አይበረክትም።»

ካየናቸው 23 ቤቶች በዘጠኙ ይህ ጥያቄ ተነሥቷል። አራቱ እዚያው በራፍ ላይ አሰናብተውናል። አከራዮቹ ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። የላፍቶዋ እናት ጡረታቸው ያ ቤት ነው፤ ከዚህ በፊት የነበረው ተከራይ ሲለቅ ለቀለምና ለቧንቧ የብዙ ወር ኪራይ እንዳወጡ ነግረውኛል። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን እጠነቀቅ ነበር። ሆኖም በልጅ ስንባረክ «እግዚአብሔር ያሳድግላችሁ» ብሎ የመረቀን አገር፣ ልጆቹ ማደሪያ ሲፈልጉ «ስንት ናቸው?» ብሎ ሲቆጥራቸው ይከብዳል።

በጣም የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ቤት ስንወጣ ስምንት ዓመት የሆናት ልጄ መኪና ውስጥ ዝም ብላ ቆየችና፣ «እማዬ፣ እኔ ግድግዳ ላይ አልጽፍም ብለሽ ንገሪያቸው» አለችኝ። ባለቤቴ መሪውን ይዞ ቀጥታ ያያል፤ እኔ በመስኮቱ። መልስ አልነበረንም።

አንድ ደላላ መላ ሰጥቶን ነበር፤ «አንድ ልጅ ነው ያለን በሉ፣ ከገባችሁ በኋላ ማን ያስወጣችኋል?» ይህን ሲል ልጆቹ አጠገባችን ቆመዋል። ከሁለቱ የትኛውን ነው የምንክደው? ባለቤቴ «አይ ወንድሜ፣ ሁለት ናቸው» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስልክ ስንደውል ከዋጋው በፊት የምንናገረው እሱን ሆኗል፤ ሁለት ልጅ፣ አንዲት እናት። ብዙ መንገድ ቆጥቦልናል።

ስለ ሕጉ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው እንዳለ እንኳ አያውቅም። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። የኪራይ ጭማሪም አከራዩ በፈለገ ጊዜ የሚያደርገው ሳይሆን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ነው። ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል።

ይህን በወረቀት ስታነቡት ደስ ይላል። በራፍ ላይ ግን የስድስት ወር በቅድሚያ የጠየቁን አሉ። ሁለት ዋጋ የነገሩንም አሉ፤ አንዱ ውሉ ላይ የሚጻፍ፣ ሌላው «በእጅ» የሚሰጥ። በእጅ የሚሰጠውን አልተቀበልንም። አንደኛ፣ ነገ ጭቅጭቅ ቢነሣ ያን ገንዘብ ለመክፈላችሁ ማስረጃ የላችሁም። ሁለተኛ፣ ሳይጻፍ የመጣ ዋጋ ሳይጻፍ ይጨምራል።

«ታዲያ ለምን አትገዙም?» ይህን የሚጠይቀን ዘመድ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ቤቱን ከሃያ ዓመት በፊት የሠራ ነው። እኛም አይተናል። ገና መሬቱ እየተቆፈረ የሚሸጥ አፓርታማ ለማየት አንድ የሽያጭ ቢሮ ገብተን ቡና ተጋበዝን፣ በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ ሞዴል አየን፤ ዛፎቹ ሁሉ ያማሩ። 120 ካሬ ተባልን። «ከበሩ ወዲያ የኛ የሚሆነው ስንት ነው?» ብዬ ስጠይቅ ወጣቷ ሻጭ ትንሽ አሰበችና 96 አለችኝ። ቀሪው የደረጃው፣ የሊፍቱና የኮሪደሩ ድርሻ ነው። የምትከፍሉት ግን ለ120ው ነው። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አይነግራችሁም።

ሌላው የዶላሩ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ ብር ሲወርድ አይተናል፤ ብዙ ሻጭም ዋጋውን ከምንዛሪ ጋር ማሰር ይፈልጋል። ደመወዛችሁ በብር ሆኖ ዕዳችሁ በዶላር ከተሰላ ቤቱ በየወሩ እየራቃችሁ ይሄዳል። ስለዚህ ዋጋው በብር ተቆርጦ ውሉ ላይ ይስፈር። ክፍያውም ግንባታው በደረሰበት ደረጃ እንጂ በቀን መቁጠሪያ ብቻ አይሁን። የማስረከቢያው ቀንና ቢዘገይ የሚከፈላችሁ ቅጣትም ይጻፍ። የመሬቱን ካርታና የግንባታ ፈቃዱን ሳታዩ፣ መሬቱ በባንክ መያዣ መሆን አለመሆኑን ሳታጣሩ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ አትስደዱ።

ያለቀ ኮንዶሚኒየም ስንፈልግ ደግሞ የውክልና ነገር ገጠመን። የ20/80 ቤት የደረሰው ሰው እስከ አምስት ዓመት መሸጥ አይፈቀድለትም። ስለዚህ «አሁን ክፈሉ፣ ውክልና ልስጣችሁ፣ ጊዜው ሲደርስ ስሙ ይዛወራል» የሚል ሻጭ አታጡም። ከገበያው ረከስ ስለሚል ያጓጓል። ነገር ግን ውክልና ሽያጭ አይደለም። ወካዩ ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም በመርሕ ደረጃ ያበቃል፤ ከዚያ የምትጋፈጡት ከማታውቋቸው ወራሾች ጋር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይመዝገብ ያለው ለዚህ ነው። ሕጋዊው ግዢም ተጨማሪ ወጪ አለው። የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ አለ። የሻጩ የሆነው 15 በመቶ የዋጋ ዕድገት ግብርም አለ፤ «እሱን እናንተ ቻሉት» የሚል ሻጭ ስላለ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ማን እንደሚከፍል ተነጋገሩ።

ይህን ሁሉ ደምረን ስናበቃ አቅማችን የሚደርሰው ከተማው ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ሆነ። እዚህ ላይ እኔና ባለቤቴ ተለያየን።

ባለቤቴ «እንሂድ» አለ። «ሚስማር ስመታ ማንንም የማላስፈቅድበት ግድግዳ እፈልጋለሁ። ነገ ጡረታ ስንወጣ ኪራይ ከየት እናመጣለን? ለልጆቹስ ምን እንተዋለን?» እውነቱን ነው። እኔ ደግሞ ሰዓት ቆጠርኩ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ገርጂ ነው፤ ለመድረስ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ሊነሡ ነው። አምስት ዓመት የሆነው ልጅ በየቀኑ ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ሊያሳልፍ ነው። እኔም ማታ የምደርሰው ከተኙ በኋላ ነው። የራሳችን ቤት ይኖረናል፤ ነቅተን የምንገናኝበት ግን እሑድ ብቻ ይሆናል።

እናቴ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። ጉልበቷ ከታመመ ቆይቷል፤ አራተኛ ፎቅ ያለ ሊፍት አትወጣም፤ ከወጣችም አትወርድም። እሷ ያነሣችው ግን ደረጃውን አልነበረም። «ዕድሬን 31 ዓመት ከፍያለሁ። እዚያ ሩቅ ብሞት ማን ድንኳን ይተክልልኛል? ማን ያለቅስልኛል?» አለች። ባለቤቴ አቀርቅሮ ቆየና «እማማ፣ እሱን አላሰብኩትም» አላት።

በመጨረሻ የተስማማነው ሁለታችንም ሙሉ በሙሉ ባልወደድነው ነገር ነው። ለሁለት ዓመት ገርጂ ውስጥ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም እንከራያለን። ኪራዩ 35 ሺህ ብር ነው፤ ከባለቤቴ ደመወዝ ብዙም አይተርፍም፤ የምንኖረው በኔ ነው። ሳሎኑ ሌሊት የእናቴ መኝታ ይሆናል። ለቤት ያጠራቀምነውን ግን ላለመንካት ቃል ገብተናል፤ ባለቤቴ በየወሩ የሚጨምርበትን በደብተር ይጽፋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ካሬው ከኛ ቁጠባ ፈጥኖ ሊሮጥ እንደሚችል እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አንዳንድ ማታ መብራት ካጠፋን በኋላ «ያን ቤት ለቀቅነው አይደል?» ይለኛል። «ለቀቅነው» እለዋለሁ።

እናንተም ፍለጋ ላይ ከሆናችሁ፣ ከ23 ቤት የቃረምኩት ይህ ነው። ቤቱን ሁለት ጊዜ እዩት፤ አንዴ ቅዳሜ ረፋድ፣ አንዴ በሥራ ቀን ከመሸ፤ መንገዱና ጎረቤቱ የሚታወቀው ያኔ ነው። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ልብስ የምታሰጣዋን ጎረቤት ጠይቁ። ቧንቧውን ክፈቱ፣ መጸዳጃውን ልቀቁ፣ አልጋ ከሚቆምበት ግድግዳ ላይ የእርጥበት ምልክት ካለ እዩ። አከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ልለምናችሁ፤ የሚያሳስባችሁ ግድግዳው ከሆነ ስለ ግድግዳው ተነጋገሩ፤ ሲለቁ ቀለም ቀብተው እንዲያስረክቡ ውሉ ላይ ጻፉበት። ልጆቹ ግን በራፉ ላይ ቆመው እየሰሙ ነው።

እኛ በወሩ መጨረሻ እንገባለን። ልጄ የራሷን እርሳሶች በካርቶን አሽጋ «ለወረቀት ብቻ» ብላ ጽፋበታለች። እስከሚቀጥለው ወር ቸር እንሰንብት።