መኪናዋ ቤት ስትሆን

 

ባለፈው ወር ከዒሻ ሶላት በኋላ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ሳርም ስልኬ ጠራ። የደወለው ከጥቂት ዓመታት በፊት ያስተማርሁት ልጅ ነበር። ዲቪ ደርሶት ወደ አሜሪካ ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ የሚኖረውም ሎስ አንጀለስ አካባቢ ነው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ፈልጌ ነበር። ለእማዬ ግን እንዳይነግሯት» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ኮሌጅ ገብቷል። የካሊፎርኒያ የማኅበረሰብ ኮሌጆች ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ የሚያስከፍሉት በአንድ ዩኒት 46 ዶላር በመሆኑ የትምህርቱ ክፍያ ያን ያህል አላስጨነቀውም። ያስጨነቀው የቤት ኪራይ ነው። የተጠጋባቸው ዘመዶች ልጅ ወልደው ቤቱ ጠብቧቸዋል። ክፍል ልከራይ ቢል፣ ከማታ ሥራው የሚያገኘው ገንዘብ ኪራዩን ከፍሎ ለእናቱ የሚልከው አይተርፈውም። የተማሪ ብድር ቢወስድ ወለድ አለበት፤ ወለድ ደግሞ የሚሸሸው ነገር ነው። ያለችው አንዲት ያረጀች ኤስዩቪ ናት፤ እኛ ሀገር ጂፕ የምንላት ዓይነት ከፍ ያለች መኪና። «እስክመረቅ ድረስ እርሷ ውስጥ ልደር አስቤአለሁ። ነውር ነው ወይ? ደግሞስ ምን ምን ላዘጋጅ?» ሲል ጠየቀኝ።

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። «አንድ ሳምንት ስጠኝ» አልሁትና እዚያ ሀገር የሚኖሩ ወዳጆቼን ጠየቅሁ፤ ያገኘሁትንም አነበብሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ለእርሱ የሰጠሁት መልስ ነው። ልጆቻችሁ በባዕድ ሀገር ያሉ ወላጆች፣ ነገ ለመሄድ የምታስቡ ወጣቶችም ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ነውር ነው ወይ?

በመጀመሪያ፣ ነውር አይደለም። ለዕውቀት ብሎ የተመቸ መኝታ ያጣ እርሱ የመጀመሪያው አይደለም። የወሎን ደረሳ አስታውሱ። ከሸይኽ ሸይኽ እየዞረ፣ ቁርበት አንጥፎ እያደረ፣ የመንደሩ ሰው የሰጠውን እየበላ ኪታብ ይቀራ ነበር። በአሜሪካም ኬን ኢልጉናስ የተባለ ሰው አለ። የመጀመሪያ ዲግሪውን የተማረበትን ዕዳ ለፍቶ ከከፈለ በኋላ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ዳግም ዕዳ ውስጥ ላለመግባት ሲል ቫን መኪና ውስጥ እየኖረ ተምሯል። ታሪኩንም በ2013 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል።

ይሁን እንጂ በደረሳውና በዚህ ልጅ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ደረሳው የት እንደሚያድር ሸይኹም መንደሩም ያውቃሉ። ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢቀር የሚፈልገው ሰው አለው። ኢልጉናስ ግን መጀመሪያ ላይ ኑሮውን ደብቆ ነበር የኖረው። የኛም ልጅ ያሰበው እንደዚያው ነው። እኔን ያስፈራኝም መኪናዋ ሳትሆን ምስጢሩ ነው።

ስለ መኝታውና ስለ አየሩ

ከመወሰንህ በፊት የኋላውን ወንበር አጥፈህ ተኛበት አልሁት። ቁመትህ ካልተዘረጋ ወይም ወለሉ ካዘመመ በሦስተኛው ቀን ወገብህን ይዘህ ክፍል ትገባለህ። ፍራሽ ከመግዛትህ በፊት በሜትር ለካ። ለመኝታ የማይሆን ዕቃ ሁሉ መኪናው ውስጥ አይግባ።

ቀጥሎ አየር ነው፤ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። እኛ ሀገር ከሰል ቤት ውስጥ አንድደው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ እንደሚቀሩ ሁላችንም እናውቃለን። ያ የሚገድለው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ አይታይም፣ አይሸትም። ከመኪና ጭስ ማውጫ የሚወጣውም ያው ነው። ስለዚህ ሞተር አስነስቶ መተኛት አይገባም። በረዶ በሚጥልበት ክፍለ ግዛት ደግሞ በረዶው የጭስ ማውጫውን ደፍኖ ጭሱን ወደ ውስጥ ሊመልሰው ይችላል። የጋዝ ምድጃም ሆነ ከሰል መኪና ውስጥ አይለኮስም። ብርድ የሚከላከሉት በወፍራም ብርድ ልብስና በሽፍን የመኝታ ከረጢት እንጂ በእሳት አይደለም። ጋዙን የሚያስጠነቅቅ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መሣሪያ ይሸጣል፤ ይህን ሳትገዛ አንድ ሌሊትም እንዳታድር ብዬዋለሁ። መስኮትም በጥቂቱ ይከፈት፤ አለበለዚያ የትንፋሽ እርጥበት ልብሱንም ደብተሩንም ያበሰብሳል። በበጋ ቀን ደግሞ በፀሐይ የቆመች መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ምጣድ ትሆናለችና ቀን ቀን ማረፊያህ ቤተ መጻሕፍት ይሁን።

መብራትና ስልክ ከመኪናው ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ መሳብም ስሕተት ነው። ባትሪው የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው። ጠዋት መኪናዋ አልነሳ ብትል ትምህርቱም ሥራውም ያመልጣል። ኮሌጅ ውስጥ ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ የተለየ ባትሪ ይሻላል። ለውዱእ ደግሞ አንድ ጀሪካን ውሃ ምንጊዜም ከመኪናዋ አይለይ።

የት ትቆማለች?

ይህ ከሁሉ ከባዱ ነው፤ የየከተማው ሕግ ይለያያል። ሎስ አንጀለስ በመኪና ውስጥ መኖርን የሚከለክለው የቀድሞ ደንቧ አሻሚ ነው ተብሎ በ2014 በይግባኝ ፍርድ ቤት ተሽሯል። ነገር ግን በሰኔ 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ለ3 ድምፅ፣ ከተሞች በአደባባይ ማደርን ቢከለክሉና ቢቀጡ ሕገ መንግሥቱ የከለከለው የጭካኔ ቅጣት አይሆንም ሲል ወስኗል። ስለዚህ «ማንም አይነካኝም» ማለት አያዋጣም።

የካሊፎርኒያ የማኅበረሰብ ኮሌጆች ተማሪዎች በግቢያቸው መኪና ውስጥ እንዲያድሩ ይፍቀዱ የሚል ረቂቅ ሕግ በ2019 ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀርቷል። የሎንግ ቢች ከተማ ኮሌጅ ግን በ2021 በራሱ ፈቃድ ጥቂት ተማሪዎች በጥበቃ ሥር በግቢው መኪና ማቆሚያ የሚያድሩበትን ዝግጅት ጀምሯል። ቤት የሌላቸው ተማሪዎች በኮሌጁ መታጠቢያ ቤት እንዲጠቀሙ የሚያስችል የክፍለ ግዛት ሕግም በ2016 ወጥቷል። ይህን ሁሉ ግን ያልጠየቀ አያገኘውም። መስጊድ ደጃፍም ቢሆን ሳያስፈቅዱ ማደር ተገቢ አይደለም፤ ኢማሙን አነጋግር አልሁት።

ያልጠየቀው ገንዘብ

ስለ ወለዱ የሰጋው ስጋት ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አላወቀም። የአሜሪካ መንግሥት ፔል ግራንት የሚባል ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጥ ገንዘብ አለው። ስጦታ እንጂ ብድር ስላልሆነ አይመለስም፣ ወለድም የለበትም። በዲቪ የገባ ቋሚ ነዋሪም ሊያመለክት ይችላል። በ2007 የወጣ ሕግ ደግሞ ከወላጅ ተለይተው ያለ ቤት የሚኖሩ ወጣቶች፣ ሁኔታቸው ሲረጋገጥ፣ ያለ ወላጅ የገቢ ማስረጃ ራሳቸውን ችለው እንዲያመለክቱ ይፈቅዳል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ልጁ ያፈረበትንና የደበቀውን ችግር ለኮሌጁ ቢናገር ኖሮ መፍትሔ ሊያገኝ ይችል ነበር።

አንድ ቅድመ ሁኔታ

በሳምንቱ ስንነጋገር ይህን ሁሉ ነገርሁትና፣ «ምስጢርህን እጠብቃለሁ። ነገር ግን መኪናዋ ውስጥ ከማደርህ በፊት ለሦስት ሰዎች ትናገራለህ። ለኮሌጁ የተማሪዎች አገልግሎት፣ ለመስጊዱ ኢማምና ለእናትህ» አልሁት። ሦስተኛዋን ስሰማው ዝም አለ። «ታለቅሳለች፣ ኡስታዝ» አለኝ። «ታልቅስ። ከሌላ ሰው ብትሰማው ለቅሶው ይበዛል» አልሁት።

ከአሥር ቀን በኋላ እናቱ ራሳቸው ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ልጁ ነግሯቸዋል። ሲያለቅሱ ማደራቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። እንዲህ አሉኝ፦ «በየወሩ የሚልከውን ስቀበል አንድም ቀን ከየት አመጣኸው አላልሁትም፤ ደህና ነው ብዬ ነው። ለስድስት ወር እንዳትልክ፣ ክፍል ተከራይበት ብዬዋለሁ። እኔ ከጎረቤት ጋር በርበሬ እያዘጋጀሁም ቢሆን አልራብም።» አሁን ልጁ በመስጊድ ከተዋወቀው ወንድም ጋር አንድ ክፍል ለሁለት ይዟል። አልሐምዱ ሊላህ። ለፔል ግራንቱም አመልክቶ መልስ እየተጠባበቀ ነው። መኪናዋ ውስጥ ያደረው አራት ሌሊት ብቻ ነው፤ ማስጠንቀቂያ መሣሪያውንም ገዝቶ ነበር።

ሁሉም እንዲህ አይቀናውም። መኪና ውስጥ ከማደር በቀር ምርጫ ያጣ ወጣት ይኖራል፤ እርሱም ከላይ ያልሁትን አሟልቶ፣ አንገቱን ሳይደፋ ይማር። እኛ ቤተሰቦች ግን ራሳችንን እንጠይቅ። ባሕር ማዶ ላለው ልጃችን ስንደውል «እንዴት አደርክ?» እንላለን። ከዚያም ስለ ገንዘቡ እናወራለን። ዛሬ ማታ ስትደውሉ አንዲት ጥያቄ ጨምሩ። «የት አደርክ?» በሉት።