ለአሮጌዋ የቤተሰብ መኪና ምን ዓይነት ጎማ ይገዛ?

ጎማ መግዛት በብዙ ቤት የአባወራው ወይም የሾፌሩ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚወጣው ከቤት ወጪ፣ አንዳንዴም ከእናት ዕቁብ ነው። በኋላ ወንበር የሚቀመጡትም ልጆች ናቸው። ስለዚህ ደኅናውን ጎማ ከመጥፎው ለይቶ ማወቅ የእናትም የሠራተኛዋም ድርሻ ነው።

በወላይታ ሶዶ አሮጌ ቶዮታ ስቴሽን ዋገን ያለው ቤተሰብ በአስፋልት ብቻ አይሄድም። በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለው ቀይ አፈር ክረምት ሲገባ የሚያንሸራትት ጭቃ ይሆናል። ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደውን አስፋልት ለቅቆ በሁምቦ ወረዳ ወደ አበላና ወደ ቢላቴ ወንዝ ሲወረድ ደግሞ በበጋ አቧራና አሸዋ ይጠብቃል። ለመሆኑ ለዚህ ሁሉ የሚሆነው የትኛው ጎማ ነው?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥርሱን ነው። ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ ጎማ በጭቃ ላይ ጥሩ ነው፤ ሲሽከረከር ጭቃውን ከመሐሉ አሽቀንጥሮ ይጥላል። በአሸዋ ላይ ግን ይኸው ጥርስ መሬቱን እየቆፈረ መኪናዋን ያሰምጣታል፤ በአስፋልትም ላይ ይጮሃል፣ ነዳጅም ይጨምራል። ስለዚህ ሁሉንም መንገድ ለምትረግጥ የቤተሰብ መኪና መካከለኛ ጥርስና ጠንካራ ጎን ያለው ጎማ ይበጃል።

ከጥርሱ በፊት ግን ዕድሜውን ጠይቁ። በጎማው ጎን በአራት አኃዝ የተጻፈ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 2315 ቢል፣ ጎማው የተሠራው በ2015 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ዓመቱ የሚቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእኛ ሲሰላ ግንቦት 2007 ዓ.ም. መጨረሻ እንጂ 2015 ዓ.ም. አይደለም። ይህን ያላወቀ ገዢ የ8 ዓመት ልዩነት ሳያስተውል አሮጌውን በአዲስ ዋጋ ሊገዛ ይችላል። ጎማ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ብዙ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም እንዲወገድ ይመክራሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ የመሸከም አቅሙ ነው። 175/70 አር 13 ከሚለው ልክ ቀጥሎ 82 የሚል ቁጥር ቢገኝ፣ ያ አንድ ጎማ እስከ 475 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ስቴሽን ዋገን ልጆችንም፣ የድንችና የቦይና ጆንያንም በኋላዋ ስለምትጭን ክብደቱ በአብዛኛው የሚያርፈው በኋላ ጎማዎች ላይ ነው። እንግዲያው በመኪናዋ መመሪያ ከተጻፈው ያነሰ ቁጥር ያለውን ጎማ፣ ዋጋው ቢረክስም፣ አትቀበሉ። ሰፋ ያለ ጎማ ይሻላል ተብሎ ከቸርኬው ልክ ውጭ መግዛትም አይገባም፤ መሪ ሲጠመዘዝ ከአካሉ ጋር ይፋተጋል።

ገንዘቡ ለሁለት ጎማ ብቻ ቢበቃስ? አዲሶቹ ከኋላ ይታሰሩ። የኋላ ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ ከከዳ መኪናዋ ትዞራለች፤ ያን ጊዜ መመለሱ ለልምድ ላለው ሾፌርም አስቸጋሪ ነው።

ደኅና ጎማም ቢሆን ንፋሱ ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም። በለስላሳ አሸዋ ላይ ከ30 ወደ 20 ገደማ ቢቀነስ ጎማው መሬቱን ሰፋ አድርጎ ስለሚይዝ አይሰምጥም። ነገር ግን በቀስታ መንዳት፣ ወደ አስፋልት ከመመለስ በፊትም መልሶ መሙላት ግዴታ ነው። ንፋሱ የጎደለ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል። ስለዚህ የንፋስ መለኪያና በእግር የሚሠራ መሙያ ከክሪኩ ጋር አብረው ይጫኑ። የመለዋወጫውም ጎማ ንፋስ በየወሩ ይታይ።

ጥርሱ ማለቁንም ራሳችሁ ልታዩ ትችላላችሁ። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ከእነርሱ ጋር እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጎማው አልቋል። ለክረምቱ ጭቃ ግን እስከዚያ መጠበቅ አይገባም፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መለወጥ ይበጃል።

እናቶች ሆይ፣ መላው ቤተሰብ በጉዞ ላይ መሬት የሚረግጠው እያንዳንዳቸው መዳፍ በምታህል አራት ቦታዎች ነው። ጎማ ሲገዛ አብራችሁ ሂዱ፤ ዕድሜውን አንብቡ፣ የመሸከም አቅሙን ጠይቁ፣ ጥርሱን በመጨረሻ እዩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዕቁባችሁ ለጎማ ሲወጣ ለልጆቻችሁ ሕይወት መውጣቱን አትርሱ።