ከተዝካሩ የሚቀድመው ቀነ ገደብ፦ የሞት ምስክር ወረቀት የት፣ መቼና እንዴት ይጠየቃል?

ላምበረት የአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ በር ነው። በየካ ክፍለ ከተማ ከሚገኘው መናኸሪያ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ መስመር የሚጓዙ ተሳፋሪዎች ነጋዴዎችና ተማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ለሕክምና ወደ መዲናዋ የመጡ ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸውም ጭምር ናቸው። ከእነዚህ ሕሙማን መካከል ሁሉም ድነው አይመለሱም። በአዲስ አበባ ሆስፒታል ሕይወቱ ያለፈ የሰሜን ሸዋ ወይም የወሎ አርሶ አደር አስከሬኑ ወደ ትውልድ ቀየው ይሸኛል፤ ቀብሩም በደብሩ አጸድ ወይም በመካነ መቃብሩ ይፈጸማል።

ከቀብሩ በኋላ ቤተሰቡ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሞቱ የሚመዘገበው ሰውየው ባረፈበት በአዲስ አበባ ነው ወይስ ይኖርበት በነበረው ቀበሌ? ጥያቄው ተራ የወረቀት ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የባንክ ተቀማጭ፣ የጡረታ አበልና የሕጻናት ውርስ ሁሉ በዚህ መልስ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

ሕጉ ዘግይቶ የመጣ ነው

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲታወጅ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዛግብት እንዴት እንደሚያዙ በዝርዝር ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ያው ሕግ በአንቀጽ 3361 እነዚያ ድንጋጌዎች ለብቻው የሚወጣ ትእዛዝ እስኪታወጅ ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውሉ አገዳቸው። እገዳው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘለቀ። በዚህ ሁሉ ጊዜ በአንዳንድ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች ማስረጃ ሲሰጡ ቢቆዩም፣ የገጠሩ ሕዝብ ልደትና ሞት በካህናትና በሽማግሌዎች ትውስታ ብቻ የሚታወቅ ሆኖ ኖረ።

ለውጡ የመጣው የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ ነው። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀመረ፤ አዋጁም በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 ተሻሽሏል። በሕጉ መሠረት ሞትን የሚመዘግበው የክብር መዝገብ ሹም ነው። በአዲስ አበባ አገልግሎቱ በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በኩል የሚሰጥ ሲሆን፣ የሚመራውም በከተማ አስተዳደሩ የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ኤጀንሲ ነው። በአማራ ክልልና በሌሎች ክልሎች የገጠር አካባቢዎች ደግሞ ምዝገባው ወደ ቀበሌ ወርዷል።

የምዝገባው ቦታ የሟች መኖሪያ ነው

የሞት ምዝገባ የሚከናወነው በመርሕ ደረጃ ሟች በመደበኛነት ይኖርበት በነበረው አካባቢ ነው። መኖሪያው የማይታወቅ ከሆነ ግን ሞቱ የደረሰበት ወይም አስከሬኑ የተገኘበት ስፍራ ይታያል። በመሆኑም የላምበረት ነዋሪ ሲያርፍ ቤተሰቡ የሚያመራው ሟች በነዋሪነት ወደተመዘገበበት ወረዳ ነው። ለሕክምና መጥቶ በአዲስ አበባ ያረፈ አርሶ አደር ቤተሰብ ደግሞ ወደ ቀበሌው ይመለሳል።

ከሆስፒታሉ ግን ባዶ እጅ መውጣት አይገባም። የጤና ተቋም በውስጡ ለደረሰ ሞት የማሳወቂያ ወረቀት መስጠት ይጠበቅበታል። ይህ ወረቀት ራሱ የሞት ምስክር ወረቀት አይደለም፤ መዝጋቢው ሹም ሞቱን የሚመዘግብበት መነሻ ማስረጃ ነው። አስከሬን ለማስወጣት በሚደረገው ጥድፊያ መካከል ወረቀቱ ከተረሳ፣ በኋላ እሱን ፍለጋ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መመላለስ ይመጣል። ስለዚህ አስከሬኑን ከሚሸኙት ዘመዶች መካከል አንዱ ወረቀቱን የመቀበል ኃላፊነት ቢወስድ ብዙ እንግልት ይቀራል።

ሞትን የማስመዝገብ ግዴታ በመጀመሪያ የሚወድቀው ከሟች ጋር አብሮ ይኖር በነበረ ሰው ላይ ነው። እርሱ ከሌለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ፣ ዘመድም ካልተገኘ ጎረቤት ወይም ሞቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ያስመዘግባል። አስመዝጋቢው የራሱን መታወቂያ፣ የሟችን መታወቂያና ከጤና ተቋም የተሰጠውን ማሳወቂያ ይዞ ይቀርባል። በቤት ለደረሰ ሞት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ሞቱን የሚያውቁ ምስክሮች ሚና ከፍ ይላል። መዝጋቢው የሟችን ሙሉ ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሞቱ የደረሰበትን ቀንና ቦታ እንዲሁም የሚታወቅ ከሆነ የሞቱን ምክንያት ያሰፍራል።

እዚህ ላይ መለየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ምዝገባ ማለት ሞቱ በመንግሥት መዝገብ ላይ መስፈሩ ነው፤ ምስክር ወረቀት ደግሞ ከዚያ መዝገብ የሚወጣ ማስረጃ ነው። ወረቀቱ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ መዝገቡ እስካለ ድረስ ምትክ መጠየቅ ይቻላል። መዝገቡ ከሌለ ግን የሚጠየቅ ምትክ የለም። በወረቀቱ ላይ ያለውን የምዝገባ ቁጥር ለብቻው ጽፎ ማስቀመጥ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

30ኛው ቀንና አርባው

ልደትን ለማስመዝገብ ሕጉ የሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው፤ ለሞት የተሰጠው ግን 30 ቀን ብቻ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ዘንድ ሐዘን የራሱ የቀን ቀመር አለው። ሰልስቱ በ3ኛው ቀን ይወጣል፤ ትልቁ ተዝካር በ40ኛው ቀን ይከበራል። ብዙ ቤተሰብም የንብረትና የወረቀት ጉዳይ ከአርባው በፊት ማንሳትን እንደ ነውር ይቆጥረዋል። አርባው ሲወጣ ግን የሕጉ ቀን ካለፈ 10 ቀን ሆኖታል። በሙስሊሙ ዘንድም ባሏ የሞተባት ሴት ለአራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከቢሮ ቢሮ መመላለስ አይጠበቅባትም። አርሶ አደሩ ሐዘኑ በእርሻ ወይም በአጨዳ ወራት ከገጠመው ደግሞ የቀረውን ጊዜ ሥራው ይወስድበታል።

ቀኑ አለፈ ማለት ምዝገባው ቀረ ማለት አይደለም። የዘገየ ሞት ይመዘገባል፤ ሕጉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ለደረሰ ሞትም ማስረጃ ሲቀርብ የሚስተናገድበት መንገድ አለ። ይሁን እንጂ ጊዜው በገፋ ቁጥር የሚጠየቀው ማስረጃ ይከብዳል፤ ምስክሮችም ያረጃሉ፣ ይሰደዳሉ፣ ይሞታሉ። መፍትሔው ሕጉንና ባህሉን ማጋጨት ሳይሆን ሥራውን መከፋፈል ነው። ሐዘንተኛዋ ሚስት ከቤቷ ሳትወጣ ወንድሟ ወይም ልጇ ማስመዝገብ ይችላል፤ ሕጉም የአስመዝጋቢዎችን ቅደም ተከተል የዘረጋው እንዲህ ላለው ሁኔታ ጭምር ነው።

አንድ ፊደል የሚያስከትለው ጣጣ

በቀዬው በቅጽል ስሙ ወይም በክርስትና ስሙ የሚታወቅ ሰው በመታወቂያው ላይ በሌላ ስም ሊገኝ ይችላል። በይዞታ ደብተሩ ላይ የአያት ስም ላይኖር፣ በባንክ ደብተሩ ላይ ደግሞ በተለየ ፊደል ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። መዝጋቢው የሚጽፈው አስመዝጋቢው የነገረውንና ያቀረበውን ነው። ስለዚህ ከመመዝገቡ በፊት የሟችን መታወቂያ፣ የይዞታ ደብተርና የባንክ ደብተር ጎን ለጎን አድርጎ ስሙን ማመሳከር ያስፈልጋል። ምስክር ወረቀቱን ሲቀበሉም ከቢሮው ሳይወጡ ስሙን፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ማንበብ ይገባል። ወረቀቱ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ የኢትዮጵያና የአውሮፓ የዘመን አቆጣጠር መደበላለቅ ሟች በሁለት የተለያዩ ዓመታት የሞተ ሊያስመስለው ይችላል።

ከምስክር ወረቀቱ በስተኋላ ያለው ንብረት

የሞት ምስክር ወረቀት ብቻውን ወራሽ አያደርግም። ወራሽነት የሚረጋገጠው በፍርድ ቤት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 996 ወራሹ ይህን ማስረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ለዚያ አቤቱታ ግን ሰውየው መሞቱና የሞተበት ቀን መረጋገጥ አለበት። ባንክ የሟችን ተቀማጭ ለመልቀቅ፣ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይዞታን በወራሽ ስም ለማዞር፣ የጡረታ አስተዳደር ለትዳር ጓደኛና ለልጆች አበል ለመወሰን የሚንቀሳቀሱት ከዚህ በኋላ ነው።

በገጠር ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አርሶ አደሩ የሚያወርሰው የመጠቀም መብቱን ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይህ መብት በውርስ ወይም በኑዛዜ የሚተላለፍበትን ሥርዓት ይደነግጋል። ሟች በደብተሩ ላይ በሕይወት እንዳለ ሆኖ ከቀጠለ ሚስትና ልጆች መሬቱን ለማከራየት፣ ድንበር ተገፋብን ብለው ለመክሰስ ወይም በልማት ምክንያት ካሳ ሲመጣ ለመቀበል ይቸገራሉ። የተጠቂዎቹ ረድፍ ፊት ላይ የሚገኙትም ብዙውን ጊዜ መበለቶችና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ናቸው።

ጊዜም ይቆጠራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 መሠረት ውርስ በሌላ ሰው እጅ የተያዘበት እውነተኛ ወራሽ መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ክሱ ይታገድበታል። 15 ዓመት ካለፈ ደግሞ ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ከሚመለከት ክርክር በቀር በሩ ይዘጋል። ይህ ቆጠራ የሚያርፈው ሟች ባረፈበት ቀን ላይ በመሆኑ በምስክር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቀን በክርክር ጊዜ ክብደቱ ከፍተኛ ነው።

ሌላው የሚዘነጋ አደጋ ውክልና ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካይ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ይሁን እንጂ ሞቱ ካልተመዘገበ ወኪሉ አሮጌውን ወረቀት ይዞ የሟችን ቤት ከመሸጥ ወይም ገንዘቡን ከማውጣት የሚያግደው ግልጽ ነገር አይኖርም። በተለይ በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ባሏቸው የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ዘንድ ይህ ትኩረት ይሻል። በውጭ አገር የሞተ ኢትዮጵያዊ ሞት በዚያው ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ይመዘገባል።

አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው

በጦርነት፣ በስደት ወይም በባሕር ጉዞ የጠፉ ሰዎች ቤተሰቦች ጭንቀት ከሁሉ የከፋ ነው። አስከሬን የለም፤ የጤና ተቋም ወረቀት የለም፤ ቤተሰቡም ሞተ ብሎ ለማስመዝገብ አንደበቱ አይታዘዘውም። ለዚህ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 መንገድ አለው። አንድ ሰው ጠፍቶ 2 ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ውሳኔው በትዳርም በውርስም ላይ ውጤት አለው። የጠፋው ሰው ቢመለስም ሕጉ የሚስተናገድበትን ሥርዓት ስላስቀመጠ አቤቱታው ተስፋን መቁረጥ ማለት አይደለም።

ቁጥሩ ለማን ይጠቅማል?

የሞት ምዝገባ ከልደት ምዝገባ ይልቅ ቀስቃሽ ያጣ ሥራ ነው። የልደት ማስረጃ ትምህርት ቤትና ፓስፖርት ይጠይቁታል። ያም ሆኖ ምዝገባው በተጀመረበት ዓመት የወጣው የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልደታቸው የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕጻናት 3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። ንብረት የሌለው ደሃ፣ ሕጻንና አረጋዊት ሲሞቱ ደግሞ ማስረጃ የሚጠይቅላቸው የለም።

የምዝገባው ክፍተት ምን ያህል እንደሚጎዳ ከአዲስ አበባ ታሪክ መረዳት ይቻላል። በመዲናዋ ሰው በምን እንደሚሞት የሚናገር መዝገብ ስላልነበረ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአብያተ ክርስቲያናትና በሙስሊም መካነ መቃብሮች የቀብር ክትትል አደረጉ። ኤችአይቪ ከከተማዋ ጎልማሶች ምን ያህሉን እየነጠቀ እንደነበረ፣ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከመጣ በኋላም ሞቱ እንዴት እንደቀነሰ በቁጥር የታየው በዚህ መንገድ ነው። መቃብር መናገር የቻለው የሚጽፍ ስለተገኘ ነው።

በዚህ ረገድ ዕድር ያልተጠቀምንበት አቅም ነው። የሞትን ዜና ከማንም ቀድሞ የሚሰማው፣ ድንኳን የሚተክለውና የሟችን ቤተሰብ የሚያውቀው እርሱ ነው። የዕድር ጸሐፊ በሰልስቱ ዕለት ለሐዘንተኛው ቤት ሦስት ነገር ቢያስታውስ በቂ ነው፦ የጤና ተቋሙ ወረቀት መያዙን፣ ማን እንደሚያስመዘግብና 30ኛው ቀን መቼ እንደሚውል። የቀበሌና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም የሚጠይቁትን ማስረጃ በር ላይ በግልጽ ቢለጥፉ ከሩቅ የሚመጣ አርሶ አደር በአንድ ጉዞ ጉዳዩን ይጨርሳል። ሟችን በክብር መሸኘት የቀብሩንና የተዝካሩን ያህል፣ ትቷቸው ለሄደው ልጆች መብታቸውን የሚያስከብር ማስረጃ ማኖርም ነው።