የማቅለሽለሽ መድኃኒት ቀድሞ ይወሰዳል

ለካንሰር የኬሞቴራፒ ሕክምና የምትከታተል እናት ማቅለሽለሹ ሲበረታባት፣ «ከበሽታው መድኃኒቱ ባሰ» ብላ ቀጠሮዋን ለመተው ታስብ ይሆናል። ሌላዋ ደግሞ ሐኪሙን ላለማስቸገር ስትል ችላ ዝም ትላለች። ሁለቱም ያለ አግባብ ይጎዳሉ፤ ማቅለሽለሽን የሚከላከል መድኃኒት አለና።

ኬሞቴራፒ ሲሰጥ ከአንጀት ሴሮቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይመነጭና የማስታወክን ስሜት ይቀሰቅሳል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የተፈቀደው ኦንዳንሴትሮን ይህንኑ ያግዳል። ብዙ ጊዜም ዴክሳሜታዞን ከተባለው መድኃኒት ጋር ይታዘዛል።

ዋናው ቁም ነገር ጊዜው ነው። መድኃኒቱ የሚሰጠው ማስታወክ ከመጀመሩ በፊት ነው። እንደ ሲስፕላቲን ያለው የካንሰር መድኃኒት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀንም ስለሚያቅለሸልሽ፣ «ዛሬስ ደህና ነኝ» ብሎ ለቤት የታዘዘውን ማቋረጥ አይገባም። ኦንዳንሴትሮን ሆድ ሊያደርቅ፣ ራስም ሊያሳምም ይችላል፤ ይህ ሲደርስ ለሐኪም መንገር እንጂ በራስ ፈቃድ መተው መፍትሔ አይሆንም።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ሽንኩርት ሲቁላላም ሆነ ቡና ሲቆላ ሽታው ወደ ሕመምተኛዋ እንዳይደርስ አድርጉ። ምግቧን ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ስጧት። ውሃ እንኳ በሆዷ አልረጋ ካለ ወይም ትኩሳት ከያዛት ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።

እኅቶች፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ማቅለሽለሹንም ሳትደብቁ ተናገሩ።