እግር ያልደረሰበት ማጽናናት

ጎረቤቱ ሐዘን ሲደርስበት በቴሌግራም «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎ ለቅሶ የደረሰ የሚመስለው ሰው በከተማ በዝቷል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘቡም ያለ እግር ይሄዳል። ይህ ሰው «ጊዜ ጠበበ» እያለ ያመካኛል፤ ዳሩ ግን ስልኩን ሲዳስስ ያመሻል። በባሕር ማዶ ላለ ዘመድ ስልክ በረከት ነው፤ አጥር ለሚዋሰን ጎረቤት ግን መሸሸጊያ ሆኗል።

የኢዮብ ሦስቱ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በዝምታ አብረውት በምድር ተቀመጡ፤ ያቈሰሉት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። እንግዲህ ስልክ ቃሉን ያደርሳል እንጂ መቀመጡን አያደርስም። ሐዘንተኛን የሚያጽናናው ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ነው። ስለዚህ የቅርብ ሰው ተነሥቶ ይሂድ፤ የሚናገረው ቢያጣም ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ መልእክት መላኩን መንገድ ለራቀው ይተውለት።