ስቶር የገባው ማይክ ይውጣልን

ዛሬ የራሴን ሐሳብ ይዤ ቀርቤያለሁ። የማትስማሙበት ትኖራላችሁ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የሚኒ ሚዲያችን ማይክ ዝም ካለ ሦስት ሳምንት ሆነው። በዕረፍት ሰዓት ዜና የለም፣ ግጥም የለም፣ የጥያቄና መልስ ውድድሩም ቀርቷል። ማይኩ «ተበላሽቷል» ተባለና ስቶር ገባ። ስቶር የገባ ዕቃ ደግሞ ተመልሶ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

እኔ የምለው ማይኩ አልሞተም ነው። በመጨረሻው ቀን ዜና አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። ገመዱን ከመሰኪያው አጠገብ ጠምዘዝ ሳደርገው ድምፁ ይመጣል፣ ስለቀው ይጠፋል። ሞንታርቦው ደህና ነው ማለት ነው። በገመዱ ውስጥ ያለችው ሽቦ ተበጥሳ አንዳንዴ ብቻ ትነካካለች። የተበጠሰው ጋ ቆርጦ፣ ሽቦውን ልጦ እንደገና ማያያዝ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

«አንቺ ደግሞ ይሄን ከየት አወቅሽው?» ትሉ ይሆናል። ከአያቴ ሬዲዮ ነው። አምና ሬዲዮዋ ጸጥ ሲል ሁሉም «አለቀለት፣ ይጣል» አሉ። እኔ በካቻቢቴ ከፈትኩት። (ሴት ልጅ ካቻቢቴ ምን ያደርግላታል ያሉ ጎረቤት ነበሩ፤ አሁን የእጅ ባትሪያቸው ሲበላሽ እኔ ጋ ነው የሚልኩት።) የድሮው ድንጋይ ፈሳሽ አውጥቶ መንኪያዎቹን ነጭ ዱቄት አልብሷቸዋል። በሎሚ ጠርጌ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ፣ አድርቄ አዲስ ድንጋይ ሳስገባበት ጮኸ። አንድ ብሎን ግን ተርፎኛል፤ ከየት እንደወጣ እስካሁን አላወቅኩም።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ግን ኮራሁ። ድንጋይ እንዳይገዛ ብዬ ቤት ያገኘሁትን አዳፕተር ሰካሁበት። ጷ አለ፣ ጭስ ወጣ። ሬዲዮው በ4 ድንጋይ፣ ማለትም በ6 ቮልት የሚሠራ ነው። አዳፕተሩ 12 ቮልት ነበር። ሁለቱም ላይ ተጽፏል፤ አላነበብኩም። አያቴ አልተቆጣችኝም። ማታ ማታ ግን ሬዲዮው ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ እያየች ዝም ብላ ትቀመጣለች። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በእንቁጣጣሽ ያገኘሁትን ብር ይዤ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ጋሼ በቴስተር እየለኩ አንዲት ያበጠች ኮንደንሰር አገኙ። ምትክዋን የነቀሉት ከአንድ የሞተ ሬዲዮ ላይ ነው! ለኔም «መጀመሪያ አንብቢ፣ ከዚያ ንኪ» አሉኝ።

እኛ ግን ስቶራችን ውስጥ ያሉትን ነገሮች አንከፍትም፣ አንነቅልም፣ አናነብም። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሰርኪዩት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለን ማርክ እናገኛለን፤ የእውነተኛው ሰርኪዩት በር ግን ቁልፍ ነው።

መምህራን ለምን እንደሚከለክሉን ይገባኛል። ንብረቱን በፊርማ ነው የተረከቡት፣ ቢጠፋ ተጠያቂ ናቸው። ልጅ ደግሞ ሊጎዳ ይችላል። እኔም ራሴ አንድ ሬዲዮ አጭሻለሁ፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር ይከፈት አልልም። ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር አይነካ፣ 220 ቮልት ቀልድ አያውቅም። የድሮ ትልቁ ቴሌቪዥን ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ስለሚችል አይከፈት። የሞባይል ባትሪም እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል አይበሳ።

የምጠይቀው ዓርብ ከሰዓት አንድ ጠረጴዛና አንድ የሳይንስ መምህር ነው። በድንጋይ የሚሠሩ ነገሮች ብቻ፦ የግድግዳ ሰዓት፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንንሽ ሬዲዮ። የከፈተው ልጅ ስሙንና ያደረገውን ደብተር ላይ ይጻፍ። ያልተሠራው ወደ ስቶር ይመለስ፤ ድሮም የተበላሸ ስለሆነ ማን ይከስራል?

መጀመሪያ ግን ማይኩ። ከሞንታርቦው ከተነቀለ ገመዱ ኤሌክትሪክ የለውም፣ ስለዚህ ማንንም አይዝም። መምህራችን አጠገባችን ቆመው ይዩን። ካቻቢቴ፣ ምላጭና ናስትሮ እኔ አመጣለሁ። መሰኪያው መበየድ ካስፈለገው ጋሼን አስፈቅጃለሁ፣ «አምጪው» ብለውኛል። የስቶሩን ቁልፍ የያዙት መምህር ይህን ካነበቡ፣ ማይኩ ያለው ከበሩ በስተግራ፣ ከተሰበረው ወንበር ሥር ነው።